ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን

ሚስቴ ሳህሊቱ የጠጣችውን መርዝ ስሙን ከሁለት ወር በፊት በገዛ እጄ ጽፌው ነበር። ጽፌ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላው ሰው ላይ ብቻ ጣት እንዳልቀስር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። ወፍጮዬ ከቆመ አራት ወር አልፎት ነበር። ጭሮ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ማሽላውን ተሸክሞ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ የእኔ ሞተር በናፍጣ ነው የሚሠራው። ናፍጣ ጠፋ። ማደያው በር ላይ የመኪናው ሰልፍ ከአስፋልቱ ታጥፎ ቁልቁል ይወርዳል። በጀሪካን ለመጣ ሰው አይቀዱም፣ ክልክል ነው ይላሉ። ወፍጮ ደግሞ ጎትተህ አታሰልፈውም። ሴቶቹ እየመጡ የተቆለፈውን በር ያያሉ። አንዳንዷ ጆንያዋን አውርዳ ትንሽ ታርፍና ተሸክማ ትመለሳለች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

ነቢዩ የኋላ ክፍላችንን የተከራየ ሰው ነው። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ንጹሕ ይለብሳል፣ ጫማውን በየማለዳው ይወለውላል፣ ሳህሊቱን «እትዬ» እያለ ከመሶቧ አይለይም። አንድ እሁድ አጠገቤ ቁጭ አለና፣

«ጋሼ፣ ናፍጣውን እኛው እንሥራው» አለኝ።

«ከምን?»

«ካገለገለ ዘይት። ሳምቡሳ ከተጠበሰበት።»

«ሂድ ወዲያ።»

«እውነቴን ነው። ባዮዲዝል ይባላል። ዘይቱ ይጣራል፣ ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ይገባበታል፣ ያድራል። ላይ የሚሰፍረው ነዳጅ ነው። ሞተርህ ልዩነቱን አያውቀውም።»

«ፈቃድስ?»

«ለራሳችን ወፍጮ እስከሆነ ማን ይጠይቀናል? ደግሞ እንጠይቃለን።»

አልጠየቅንም። እሱም አልጠየቀም፣ እኔም አላስታወስኩትም።

ወፍጮ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ አሥሩም ጣቶቼ አሉ። በዚህ ሥራ ይህን ማለት የሚችል ብዙ ሰው የለም። ስለዚህ ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት፣ «የሚያስፈራውን ሁሉ ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አልኩት። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፍኩ። እሱ እየነገረኝ፣ እኔ እየጻፍኩ። ሜታኖል ውሃ ይመስላል፣ መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ስሙ ሳይጻፍበት አይቀመጥም። ከሚበላና ከሚጠጣ ነገር ዕቃ ጋር አይገናኝም። እሳት አይቅረበው፣ በር አይዘጋ፣ ያለ ጓንት አይነካ። ሶዳው ሥጋ ይበላል። «ሥጋ ይበላል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከሚጠጣ ዕቃ ጋር አይገናኝም የሚለውን ማስመር ይገባኝ እንደነበር ያኔ አላወቅኩም።

ዘይቱን የሚያመጣው ዓሊዩ ነበር። የአይሱዙ ሹፌር ነው። ቦርደዴና ሚኤሶ ላይ መንገደኛ የሚበላባቸው ቤቶች አሉ፤ ጥቁር ዘይታቸውን ከሱ በቀር የሚፈልግ የለም። መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ ይጮኻል።

«አካም ጋሽ ሞገስ! ከቦርደዴ ሽቶ አመጣሁልህ!»

ክዳኑን ፊቴን አዙሬ እከፍተዋለሁ። ሬንጅ የመሰለ ነው። የሳምቡሳ ቅርፊት፣ የዓሣ እሾህ፣ ጸጉር፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የሞተ በረሮ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። ሰው በዚህ ጠብሶ ለሰው ያበላል። አንዱ ጀሪካን ውስጥ የልጅ ካልሲ አግኝቻለሁ። በወንፊት ስናጣራው ሽታው ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሳህሊቱ ጋቢዬን ሦስት ጊዜ አጥባ አልለቀቀም። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ከአጠገቤ ያለው ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል።

ግን ሞተሩ ተነሣ። ጢሱ ሰማያዊ ሆኖ እንደ መጥበሻ ይሸታል። ዓሊዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አቦ! ጋሽ ሞገስ፣ አንተ የነቢያትን ትጦማለህ፣ ሞተርህ የሥጋ ሳምቡሳ ይበላል! ወላሂ ንስሐ ግባለት!»

ሴቶቹም መጡ። «ዱቄትህ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይላል» እያሉ ሳቁብኝ፤ ቢሆንም ጆንያቸውን ደረደሩ። በረንዳ ላይ መቀመጥ ቀረልኝ። ሰው ስሜን እየጠራ «የኔ ተራ ነው» ይለኝ ጀመር። ያ ደስ ብሎኛል። አልዋሽም።

በሳምንቱ ነቢዩ ለወፍጮ ከሚበቃው በላይ ሲሠራ አየሁ። ቢጫ ጀሪካን በዓሊዩ መኪና ላይ ሲጫን አየሁ። «ለዘይቱ ምትክ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ነቢዩ። ከዚያ ሌሎች መኪኖችም በራችን ላይ መቆም ጀመሩ። እነሱም ምትክ መሆናቸውን አልጠየቅኩም። ነዳጁ ከሚያድርበት ጋን ሥር የሚቀረውን ቡናማ ልጋግ ከግቢው በታች ወዳለው ቦይ ይደፋው ነበር። የጎረቤት ፍየል ቀመሰችው፤ እግሯ እየተሳሰረ ሁለት ቀን ጮኻ ሞተች። ባለቤቱ ላስቲክ የበላች መስሎት ጣላት። ይህንንም አየሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ እንዳሻው የሚባል ሰው መጣ። ነዳጅና ንግድ ከሚቆጣጠሩት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ። የእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ አይጽፍም።» ከዚያ ሜታኖሉ ያለበትን ሰማያዊ በርሜል በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ፈቃድ አላችሁ?»

ነቢዩ ጫማውን አየ።

«ቤቱ የማን ነው?»

«የኔ» አልኩ።

«እንግዲህ አባት፣ ሕጉ መጀመሪያ የሚይዘው ባለቤቱን ነው። ያለ ፈቃድ ማከማቸት አንድ፣ መሸጥ ሁለት፣ መኖሪያ ግቢ ውስጥ መሆኑ ሦስት።» በሦስት ጣቱ አሳየኝ። ጣቶቹ ንጹሕ ነበሩ። «እኔ ግን ክፉ ሰው አይደለሁም። በርሜሉን አላየሁትም። ስመለስም እንዳላየው። ወረቀቱን ደግሞ አንሱት። ወረቀት ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ይናገራል።»

መንገድ ላይ የቆመችው የመሥሪያ ቤቱ መኪና በናፍጣ የምትሄድ ናት። ነቢዩ አንድ ሙሉ ጀሪካን አወጣ። እንዳሻው ጀሪካኑንና ሸሚዙን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«አባት፣ እስከ መኪናው ያደርሱልኛል?»

አደረስኩለት። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ የሳምቡሳ ቅባት እጄ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ጉቦውን ራሴ ተሸክሜ ጫንኩለት። እጁን እንኳ አልሰጠኝም። እጄ ቆሻሻ ነበር።

በዚያው ከሰዓት ነቢዩ በርሜሉን ይገለብጥ ጀመር። የተጻፈበትን ወረቀት በቢላ ፍቆ አነሣው። ሜታኖሉን የምግብ ዘይት በመጣባቸው ቢጫ ጀሪካኖች ሞላ። ከሩቅ ለሚያየው ውሃ ነው። በርሜሉን ዓሊዩ ወሰደው። በመጨረሻ ትንሽ ተረፈው፤ ዕቃ አጣለትና ዙሪያውን ተመለከተ። ግድግዳው ሥር የሳህሊቱ ሦስት ጀሪካኖች ነበሩ።

ስለነዚያ ጀሪካኖች መናገር አለብኝ። ሳህሊቱ በየዓመቱ ለጥር ሥላሴ አሰቦት ገዳም ትወርዳለች። ጠበል ይዛ ትመለሳለች። እዚያ የሚሰለፈው ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ስለሆነ ሴቶቹ እጀታው ላይ ምልክት ያስራሉ፤ የእሷ ከድሮ ቀሚሷ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ነው። ቋጠሮውን ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ሦስተኛው ውስጥ የአምናው ጠበል ቀሪ ነበረበት። ያ አይደፋም። አዲሱ ሲመጣ በላዩ ይጨመርበታል። እናቷም እንዲህ ነበር የምታደርገው።

ነቢዩ ሦስተኛውን አነሣ። ነቀነቀው። ከፈተና በሩ ላይ፣ ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ ደፋው። አዋሽ ማዶ ተወልዶ ያደገ የክርስቲያን ልጅ ነው፤ ምን እንደሆነ አያውቅም አይባልም።

«አንተ!» አልኩት።

«ምነው ጋሼ?»

ቀበቶው እየተሽከረከረ ነበር። አምስት ሴቶች ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ፣ «ጋሽ ሞገስ፣ ዱቄቱ ሸከረ፣ አጥብቀው» አለችኝ። ዞሬ ድንጋዩን አጠበቅኩ።

«ምንም» አልኩት።

«ነገ አጥቤ እመልሰዋለሁ።»

ሜታኖሉን ቀዳበት። ጥቂት ቀን ተጠቀመበትና ሲሶ ያህሉ ሲቀር ወደ ግድግዳው መለሰው። አላጠበውም። ቀዩ ጨርቅ እንደታሰረ ነው። እኔ ወረቀቴን ከበሩ አንሥቼ አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ አደረግኩት። የተጻፈ ነገር አልጥልም።

ጥር ስድስት ሳህሊቱ ሁለቱን ባዶ ጀሪካን ይዛ ወረደች። ሦስተኛው ቀሪ እንዳለበት ስለምታውቅ ተወችው። ጥር ስምንት ማታ ተመለሰች፤ ጉልበቷ አብጦ፣ ፊቷ በርቶ። አውቶቡስ ላይ አንዲት ሴት የአንዱን ጀሪካን ክዳን ረግጣ ሰንጥቃባት ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈስሷል። «እግዜር ይይላት» አለች። ከዚያ፣ «አይ፣ ይቅር ይበላት» አለች።

በማግስቱ ቦኬ ገበያ ነበር፤ ማሽላ ልገዛ በማለዳ ሄድኩ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ያየችው ጎረቤታችን ሰርክአዲስ ናት። እግሯ አሞአት ወደ አሰቦት መውረድ ስላልቻለች ሳህሊቱ ጠበል ልታካፍላት ጠርታት ነበር። ሳህሊቱ ከተሰነጠቀው ጀሪካን የተረፈውን ይዛ ወፍጮ ቤት ገባች፤ በአምናው ቀሪ ላይ ጨመረችበት። አንድ ብርጭቆ ቀዳች፣ አማተበች፣ ጠጣች። ፊቷ ተጨማደደ።

«ምነው?» አለቻት ሰርክአዲስ።

«አቃጠለኝ። ዘንድሮ ከበድ ብሏል።»

ሰርክአዲስ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። «አንቺ፣ ይሄ ነገር መርፌ ሲወጉ የሚቀቡትን ይሸታል።»

«ደግሞ ጠበል ታሸቺ ጀመር? ይልቅ ቶሎ ጠጪ።»

«እኔማ ቁርስ በልቻለሁ። በባዶ ሆዴ ነገ እጠጣዋለሁ፤ በጠርሙስ ስጪኝ።»

በጠርሙስ ሰጠቻት። ያንን ቀን ሰርክአዲስን ያዳናት ቁርሷ ነው።

ማታ ስመለስ ሳህሊቱ ተኝታ ነበር። ራሴን አሞኛል አለች። ሁለት ጊዜ አስመለሳት። መንገዱ ነው አልን። ሲነጋ ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ጉሙ ቤት ድረስ ገባ እኮ» አለችኝ።

ጭሮ ጉም አያጣትም። መስኮቱን አየሁ። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበረች። ሳህሊቱ እስከዚያች ሌሊት ድረስ መርፌ ውስጥ ክር ያለ መነጽር ታስገባ ነበር።

«ትናንት ምን ጠጣሽ?»

«ምን እጠጣለሁ፣ ጠበል ነው እንጂ።»

«ከየትኛው?»

«ከአምናው ቀሪ ላይ ከጨመርኩበት።»

እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ወፍጮ ቤት ገብቼ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ከዚያ ጠርሙሱ ትዝ አለኝ፤ ማታ ለሰርክአዲስ እንደሰጠቻት ነግራኛለች። አጥሩን በሩጫ ዞርኩ። ሰርክአዲስ ጽዋው ፊቷ ተቀድቶ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ ጸሎቷን እየጨረሰች ነበር። እንደምን አደርሽ ሳልል ጽዋውን አነሣሁት።

«ምን ነካህ ጋሽ ሞገስ! ጠበሌን!»

«ጠበል አይደለም። ቀምሰሻል?»

«ገና ነኝ።»

ጠርሙሱንም ወስጄ ወጣሁ። ከኋላዬ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ነቢዩ ክፍሉ ውስጥ ሸሚዝ ይተኩስ ነበር። ዕለቱ ከተራ ነው፤ ታቦት ሊያጅብ ነጭ ሊለብስ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሳህሊቱ ጠጥታዋለች።»

ካውያውን እንደያዘ ቆመ። ሸሚዙ ሲቃጠል ሸተተኝ።

«ምን ያህል?»

«አንድ ብርጭቆ። ትናንት ጠዋት። አሁን ጉም ይታየኛል ትላለች።»

ተቀመጠ። ከንፈሩ ነጣ። ለአንድ አፍታ አዘንኩለት። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ሆስፒታል ውሰዳት። ግን ጋሼ… ምግብ መረዛት በል።»

«ስሙን አልናገርም?»

«ስሙን ከተናገርክ ፖሊስ ነው የሚመጣው። ቤቱ ያንተ ነው። እንዳሻው ያለውን ረሳኸው? መጀመሪያ ባለቤቱን ነው። ጉሉኮስ ይሰጧታል።»

«ጉሉኮሱ ያድናታል?»

አላየኝም። የተቃጠለውን ሸሚዝ ያያል።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ያድናታል ወይ?»

«አያድናትም» አለ ቀስ ብሎ። «እስከ ማታ ብቻ ጠብቀኝ። ዕቃውን ላውጣ። ከዚያ የፈለግከውን በል።»

ሁለት ወር ሙሉ ያንን ጥቁር ዘይት በእጄ ሳጣራ ቆይቻለሁ። በረሮውን በጣቴ አውጥቻለሁ። እንዲህ አልቀፈፈኝም። መሬቱ ላይ ተፋሁና ወጣሁ።

ዓሊዩ ዘይት ይዞ በር ላይ ደርሶ ነበር። ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኩት። ቀልዱን ዋጠው። ሳህሊቱን ሁለት ሆነን ጋቢና አወጣናት። መንገድ ላይ መሪው ሥር አስመለሳት፤ ይቅርታ ልትለው ሞከረች።

«ምንም አይደል እናቴ። ይሄ መኪና የቦርደዴን ዘይት ችሏል፣ ያንቺን አይችልም? አይዞሽ። ያ ረቢ!»

ሆስፒታል ተረኛዋ መክሊት የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ባትሪ ዓይኗ ላይ አበራችባት።

«ምን በልታ ነው አባቴ? ወባ ይዟት ያውቃል? ከቆላ ነው የመጣችው?»

ከአሰቦት መጥታለች ብል ወባ ይሉ ነበር። ምግብ ነው ብል ጉሉኮስ ይሰቅሉላት ነበር። ሁለቱም አፌ ላይ ነበሩ። ስለ ቤቱ አሰብኩ። ስለ ወፍጮው አሰብኩ። ማሰቤን አልክድም። እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ወረቀቱን አወጣሁ። ዘርግቼ ሰጠኋት። ጠርሙሱንም ሰጠኋት።

አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«እርስዎ? ይህን እያወቁ?»

እኔ ነቢዩን ተጸይፌ እንዳየሁት አየችኝ። የሳህሊቱን እጅ ይዛ ነበርና ወደኔ መዞር ተወች።

«ስሙን ባያመጡልኝ የወባ ምርመራ ነበር የማዝላት» አለች። «ዋናው መድኃኒት እዚህ የለንም። የታሸገ፣ ከፋብሪካ የወጣ ጂን ይግዙልኝ። አልኮሉ የሜታኖሉን ሥራ ያግደዋል፤ የቤት አረቄ አይሆንም። ይሩጡ።»

መጠጥ ቤት ከገባሁ ሃምሳ ዓመት ይሆነኛል። ገና ጠዋት ነው። ሁለት ሰዎች ካደሩበት አልተነሡም። ባለቤቱ ያውቀኛል፤ ማሽላው እኔ ዘንድ ነው የሚፈጨው።

«ጋሽ ሞገስ! በከተራ? በባዶ ሆድ?» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ። «ዛሬማ ድንጋዩ ሳይሆን ባለ ወፍጮው ራሱ ሊዞር ነው!»

ጠርሙሱን ደረቴ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። እየሳቁ ቀሩ።

ሐኪሟ በስኳር ውሃ በጥብጣ ሰጠቻት። ሳህሊቱ ሽታውን አወቀችው፤ ጥርሷን ነከሰች።

«ገሃድ ነው እኮ። እህል እንኳ አልቀመስኩም።»

«መድኃኒት ነው» አልኳት።

«አንተ ነህ የያዝከው?»

«እኔ ነኝ።»

እኔ ስለያዝኩት ጠጣችው። ያንን ቀንና ሌሊቱን በየሰዓቱ አጠጣናት። ዕድሜዋን ሙሉ መቋሚያ ስትደገፍ የኖረች ሴት ሰክራ ቃላት እየተኮላተፉባት፣ አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች፣ ነርሶቹ አፋቸውን እየሸፈኑ። መንገዱ ላይ ታቦት ሲያልፍ እልልታው ተሰማ። አልጋዋ ላይ ልትነሣ ሞከረች፤ የት አቅጣጫ እንደሆነ አላወቀችም። ወደ ግድግዳው ሰገደች።

ሕይወቷ ተረፈ። በግራ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ትለያለች። በቀኙ የሰው ቁመት ይታያታል፤ ፊት አይታያትም። ሐኪሟ ከዚህ የሚሻል ይመስለኛል አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ግቢያችን መጣ። እንዳሻው አብሮ መጣ፤ ሌላ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያው መሐረብ አፍንጫው ላይ። ነቢዩ የለም። በከተራ ማታ ሄዷል፤ ጫማውን ወስዶ ሶዳውን ትቶልኛል። እንዳሻው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለፖሊሱም፣ ለተሰበሰበው ጎረቤትም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይናገራል። ያለ ፈቃድ አይመረትም፣ መኖሪያ ግቢ ውስጥ አይከማችም፣ ኬሚካል ስሙ ተጽፎበት ይቆለፍበታል፣ የምግብ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። አንድም ስሕተት የለበትም። ሁሉም እውነት ነው።

«ሕዝቡ አይማርም» ብሎ ጨረሰ። «ንቃት የለም።»

«ይህ ሁሉ በር ላይ ተለጥፎ ነበር» አልኩ። «አንሱት ያልከን አንተ ነህ። በርሜሉን አልይ ያልከውም አንተ ነህ።»

«እኔ? አባት፣ ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው።»

«ጀሪካንህን መኪናህ ላይ የጫነልህ ማን ነው? ተሸካሚህን አታውቀኝም?»

ፖሊሱ መጻፍ አቆመ። እንዳሻውን አየው፣ ጎረቤቱን አየ። ሰርክአዲስ ከአጥሩ ላይ፣ «እኔም አይቻለሁ፣ ሲሸከምለት!» አለች። ፖሊሱ ጻፈው። ከዚያ ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። እንዳሻው ግን መሐረቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፍንጫው አወረደ።

«የእርስዎስ ቃል?» አለኝ ፖሊሱ።

«ቤቱ የኔ ነው። ጽሑፉ የኔ ነው። ሲገለበጥ ቆሜ አይቻለሁ። ጻፈው» አልኩት። ፈረምኩ። ወፍጮ ቤቱን በወረቀትና በማኅተም አሸጉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት አለ፤ ስጠራ እሄዳለሁ።

የቀረው ሳህሊቱ ናት። ወደ ቤት ከመጣች በኋላ በረንዳው ላይ፣ እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ጠዋት ብቻዋን ስታወራ ሰማኋት።

«ያቺን ሴትዮ አውቶቡስ ላይ ረገምኳት። ጠበል ይዤ ሰው ረገምኩ። ሥላሴ አዩኝ» ትላለች።

በሐኪም ቤት ሰው ሁሉ የተመረዘ ነገር ጠጥተሻል ብሏት ነበር። እሷ ግን ጠበሉ ነው የመረዘኝ፣ በኃጢአቴ ነው የሆነብኝ ብላ ይዛለች። እንደዚያ ብላ ብትቀጥል ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ሁለት ቀን እንደዚያው ተውኳት። በሦስተኛው አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጠበሉ አይደለም» አልኳት። «የአምናውን ቀሪ ነቢዩ ደፍቶታል። በጀሪካኑ የራሱን መርዝ አስቀመጠበት።»

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

«የት ደፋው?»

«በሩ ላይ።»

«ሰው በሚረግጠው?»

«አዎ።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አይቻለሁ።»

«ሲደፋ?»

«ሲደፋም፣ መርዙን ሲሞላበትም።»

«ምን አልከው?»

ቀበቶው ይሽከረከር ነበር፣ ሴቶቹ ተራ ይዘው ነበር፣ ድንጋዩ መጥበቅ ነበረበት። ይህን ሁሉ ልነግራት ነበር።

«ምንም» አልኳት።

ከመንገዱ ማሽላ የተሸከመች ሴት መጥታ የታሸገውን በር አየችና ተመለሰች። ሳህሊቱ ኮቴዋን ሰማች።

«ጀሪካኑ የታለ?»

«ፖሊስ ወስዶታል።»

«ሁለቱን አምጣቸው።»

አመጣኋቸው። እጀታውን ዳብሳ ቋጠሮውን አገኘችው። ፈታችው። ሁለተኛውንም ፈታች። ጨርቆቹን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች።

«ውሃ ስጠኝ» አለች።

ከማሰሮው ቀድቼ ብርጭቆውን እጇ ላይ አስያዝኳት። አልጠጣችም። መልሳ ዘረጋችልኝ።

«መጀመሪያ አንተ ጠጣ» አለችኝ። «ከእንግዲህ እንዲህ ነው።»

ጠጣሁ። ድምፁን አዳመጠች፤ እስክውጠው ድረስ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። እስካሁን በየቀኑ እንዲሁ ነው።